በየአራት ሳምንቱ

ነሐሴ 6 ቀን 2016፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለክሊኒኩ የተረኛ መዝገብ ብዬ ነበር። ለክሊኒኩ ሌላ መጣና ይሄኛው ከቦርሳዬ ሳይወጣ ከረመ። እንግዲህ የኔ ይሁን። ሠላሳ ሦስት ዓመት ነርስ ሆኜ ስጽፍ የኖርኩት ስለ ሰው ትኩሳትና ስለ ሰው ደም ግፊት ነው፤ ስለ ራሴ አንድ መስመር የለኝም።

ዛሬ ኢሳም መርፌውን ተወጋ። ሰባተኛው ነው። በየአራት ሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ይመጣል፤ ቀድመህ ግባ ስለው ይቆጣና ወረፋውን ይጠብቃል። ሰባት ወር ሙሉ እንቅልፉ ደኅና፣ ንግግሩ ደኅና። በማረሚያ ቤቱ የስፌት ክፍል የጥበቃዎቹን ሱሪ ሲያሳጥር ሲያስረዝም ይውላል። አንዱ ጥበቃ «ይሄ ሰውዬ ሰው መትቶ ገባ ሲሉኝ አላምንም» አለኝ። እኔ አምናለሁ። መርፌው ሲቋረጥ መጀመሪያ እንቅልፍ ይተወዋል፣ ቀጥሎ ሰው ሁሉ ያማኛል ይላል፣ ከዚያ እጁን ያነሣል። ሦስት ጊዜ ታስሮ ወጥቷል፣ ሦስቱንም ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ተመልሷል። ይህ አራተኛው ነው።

ውጭ የሚወጋው አልነበረም። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ታራሚ ሲፈታ መታወቂያውንና ቀበቶውን ፈልገው ይመልሱለታል፤ መድኃኒቱን የሚያስታውስ የለም። እኔም ያን ጊዜ ሁሉ እዚሁ ክሊኒክ ነበርኩ።

አብራኝ የምትሠራው ብሌን ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አፏ ግን የአርባ ዓመት ነው። ኢሳም ሲወጣ «ሲስተር፣ የእርስዎ ታራሚ ሄደ» አለችኝ። የኔ የሚባል ታራሚ የለም፣ ሁሉም የኔ ነው አልኳት። «እሺ» አለች፤ እሺ አባባሏን አልወደድኩትም።

ማታ

ለብሌን ልነግራት የሚገባኝ ይህ ብቻ ነው፦ እኔና ኢሳም ጎረቤታሞች ነን። ቤታችን አቦከር ሰፈር፣ የነሱም አቦከር፣ በመካከላችን አንድ የድንጋይ አጥር። ልጆች ሆነን ከአጥሩ አንድ ድንጋይ ተነቅሎ ነበርና በዚያ ቀዳዳ ሳህን ሲመላለስ ይውል ነበር። በኛ ጾም እናቱ እማማ ዐብላ የምስር ሳንቡሳ ይልካሉ፤ በእነሱ ረመዳን እናቴ እልፍነሽ ለማፍጠሪያ ሾርባ ትልካለች። ሥጋ ሲሆን ብቻ ሳህኑ አይተላለፍም። ይህን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፤ እናውቀው ነበር። ሳህኑን ከዚያ ወገን የሚቀበለኝ ሁልጊዜ ኢሳም ነበር።

ያን ዘመን ሳስበው የሚናፍቀኝ ምግቡ አይደለም። ማንም ማንንም የማይፈራበት ከሰዓት በኋላ ነው የሚናፍቀኝ።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ኮማንደር ለማ አስጠራኝ። ለአዲስ ዓመት የሚደረገው ይቅርታ ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ኢሳም አለበት።

«ሲስተር፣ ጠባዩ ጥሩ ነው፤ ስፌት ክፍሉም መስክሮለታል። ግን ይህ ሰው ወጥቶ መመለስ ልማዱ ነው። ይቅርታው በገደብ ነው። ወጥቶ ሰው ከመታ ይሰረዛል፤ የቀረውን ሦስት ዓመት ከአዲሱ ጋር ደምሮ ነው የሚታሰረው። ያኔ እኔም አንቺም አናወጣውም።»

«መርፌውን ካላቋረጠ አይመለስም» አልኩት።

«እንግዲያው እንዳያቋርጥ የሚያደርግ ወረቀት ጻፊለት። ለሆስፒታሉ ሪፈር። እኔ የማምነው ያንቺን ፊርማ ነው።»

ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ቀሎኝ ነበር። ሃምሳ አራት ዓመት ያልሞላኝ ይመስል።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

እማማ ዐብላ መጡ። በአጥሩ ዙሪያ መጥተው በበር ገቡ፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ሃያ ዓመት አልፎታል። የልጅ ልጃቸው ናዝራ ደግፋ አመጣቻቸውና «እትዬ ዕፀ፣ ሲመለሱ ይደውሉልኝ» ብላኝ ሄደች። ናዝራ የኢሳም ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ። እናቷ ዘምዘም ትታቸው ድሬዳዋ ከገባች ቆየች።

አዛውንቷ ሻይ አልጠጡም። ሻይ ካልጠጡ ጉዳይ አላቸው።

«ዕፀ ልጄ፣ ናዝራን ጠየቋት። ጥሩ ቤት ነው፣ ወላሂ ጥሩ ቤት።»

«እንኳን ደስ አለዎት እማማ።»

«ደስታው ኢንሻአላህ ይደርሳል። የልጁ አክስት ለይላ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ናት። የኢሳም ወረቀት በእሷ እጅ ነው የሚያልፍ።» እጄን ያዙኝ። «ያንን ቃል አትጻፊው።»

«የትኛውን?»

«እያወቅሽ። ሌላ ጻፊ። ልጄ ልብስ ሰፊ አይደለም? ወገቡን ያመዋል በይ። ወገቡን የማያመው ልብስ ሰፊ አይቼ አላውቅም።»

ሆስፒታሉ ወገቡን ያመዋል የተባለ ሰው ሌላ መርፌ ነው የሚወጋው አልኳቸው። ትክክለኛውን ማን ይወጋዋል አልኳቸው።

«አንቺ አለሽ አይደል? ከአጥር ወዲህ። በወር አንድ ቀን ብቅ ብትዪ ማን ያይሻል? ድሮም ቤትሽ ነው።»

አስብበታለሁ አልኳቸው። ይህን ሲሉኝ ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለኝ አልገባኝም። ድካም ይሆናል።

ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ

ወንዶች ዞን ተቅማጥ ገብቷል። አሥራ አንድ ሰው። ግሉኮስ አልቆ ከጤና ቢሮ ለመንን። እግሬ አብጧል። ወረቀቱን አልጻፍኩም።

ነሐሴ 29፣ ረቡዕ

ተቅማጡ ቀነሰ። ወረቀቱን አልጻፍኩም። ኮማንደሩ ሁለቴ ጠየቀኝ። ነገ።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

ጻፍኩት፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን ብሌን መታች።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ በፈረስ መጋላ ወርጄ በመኪና ግርግር፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ በእግሬ መጣሁ። የልብስ መኪናዎቹ ድምፅ ከድሮው ሳስቷል፤ ያኔ ከዳር እስከ ዳር ልብስ ሰፊ ተደርድሮ እርስ በርስ ለመሰማማት ይጮኹ ነበር። የኢሳም አባት መቀመጫ ከመሐል በስተቀኝ ነበረች። በ1983 ስመረቅ የነርስነት ነጭ ጋውኔን ኢሳም እዚያ ቁጭ ብሎ ሰፋልኝ። ልኬን ሳይወስድ። «ልክሽን ሳልለካ አውቀዋለሁ» አለኝና ቶሎ አቀረቀረ። እናቴ ጋውኑን አየችና «ልጄ፣ ጎረቤት እኮ ጎረቤት ነው» አለችኝ። ስለዚህ ጉዳይ በሕይወቷ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤ ነፍሷን ይማር።

ከአምስት ዓመት በኋላ አመመው። ሲያገባም እኔ ነበርኩ ለሴቶቹ ምግብ ያቀረብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታሰር ከሆስፒታሉ ወደ ማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ዝውውር ጠየቅሁ። ለቤቴ ይቀርበኛል ብዬ ነው። ብሌን አንድ ቀን «ሲስተር፣ ከአቦከር እንኳ ሆስፒታሉ ነው የሚቀርበው» ብላኛለች። ታክሲው ይመቻል አልኳት።

ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት «የወገብ ሕመም» ነው።

እኔ ነኝ የምወጋው። በየአራት ሳምንቱ፣ ሰኞ። ከሆስፒታል በላይ ነው የምጠነቀቅለት። ለናዝራ ስል ነው።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ

ትናንት ስምንተኛውን ወጋሁት፤ ዛሬ ተፈታ። አርባ ሰው በአንድ ላይ ወጣ። ግቢው በር ላይ እልልታ፣ ልቅሶ፣ የባጃጅ ጥሩምባ። እማማ ዐብላ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ኢሳም ከኔ ጋር በሰው ፊት አልተጨባበጠም፤ በዓይኑ ሰላም አለኝ። ኮማንደሩ «በዚህ በር እንዳትመለስ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ወረቀቱን ለእናቱ ሰጠሁ። አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

መስከረም 12 ቀን 2017፣ እሑድ

ሱቁን ከፈተ። የአባቱን መቀመጫ ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሱ ሦስት በር ወረድ ብሎ ተከራየ። ሳልፍ አየሁት። መነጽር አድርጓል፤ ሽበቱን አልደበቀም። ቀና ብሎ «ዕፀገነት፣ ያ የቀሚስሽ ዘርፍ ተተርትሯል፣ አምጪው» አለኝ። ተተርትሮ ኖሯል፤ እኔ አላየሁትም። ቤቴ ድረስ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ፤ ሰው ቢያየኝ ምን ይል።

ሰው ደኅና ሲሆን እንደዚህ ቀላል ነው። አንድ መርፌ፣ አንድ ሱቅ፣ የሚጠብቀው ቤተሰብ። ሦስት እስራት በዚህ ይቀር ነበር።

መስከረም 27፣ ሰኞ

ዘጠነኛው። ከሥራ መልስ በጓሮ በኩል ገብቼ ቤታቸው ውስጥ ወጋሁት። እማማ ዐብላ በሩን ዘግተው ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡና ዱዓቸውን ያዙ። ቤቱ ሽታው አልተለወጠም፤ የኖራ ቀለሙ፣ የሳሙናው፣ የድሮ መጽሐፉ። አሥር ዓመቴ ላይ የተመለስኩ መሰለኝ። ሲያልቅ ምስር ሳንቡሳ ሰጡኝ፤ ያኔ በጾማችን በቀዳዳው የሚልኩልንን። አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

መድኃኒቱን ከክሊኒኩ ነው ያመጣሁት። በመዝገቡ ላይ «ተሰበረ» ብዬ ሞላሁ።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

ብሌን መዝገቡን እያየች፦ «ሲስተር፣ እርስዎ ብልቃጥ ሲሰብሩ አይቼ አላውቅም።»

እጄ ላብ ነበረው አልኳት።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ደብዳቤ መጣ። አዳማ፣ ሦስት ሳምንት ሥልጠና፤ ከጥቅምት 18 እስከ ኅዳር 6። የሥልጠናው ርእስ «የተፈቱ ታራሚዎች ወደ ወንጀል እንዳይመለሱ የማረሚያ ቤት ጤና ባለሙያ ሚና»። ኮማንደሩ መርጦ የላከኝ እኔን ነው። የሚቀጥለው መርፌ ጥቅምት 25 ነው።

አልሄድም ብል ምክንያት ልናገር ነው። ለብሌን አደራ ልስጥ ብል ልነግራት ነው።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

መላ አገኘሁ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ቀኑን ለናዝራ ስልኳ ላይ ላክሁላት። አባትሽን ሰኞ ጥቅምት 25 ሆስፒታል ውሰጂው፤ ወረቀቱን ሳይሆን ይህንን ለነርሷ አሳዪ አልኳት። «እሺ እትዬ ዕፀ» አለች። ብልህ ልጅ ናት። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ፣ አዳማ

ለእማማ ዐብላ ደወልኩ። «ተወግቷል ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔው ራሴ ነኝ የወሰድኩት። ናዝራ እዚያ እንድትታይ አልፈለግሁም።»

ተወግቷል። ስልኩን ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ በላሁ። አዳማ ይሞቃል።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ፣ አዳማ

ትናንት አሠልጣኙ ከየማረሚያ ቤቱ የተሳካ ነገር ንገሩን አለ። ተነሥቼ ስም ሳልጠራ ስለ አንድ ሰው ተናገርኩ። አራት ጊዜ የታሰረ፣ አሁን ግን ሱቁን ከፍቶ የሚሠራ። ምሥጢሩ ምንድን ነው አለኝ። «ከወጣም በኋላ አልተለየነውም» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አንዲት የሐዋሳ ነርስ ሰነዱ እንዴት ነው፣ ለሆስፒታሉ የምትልኩትን ቅጽ ላኪልኝ አለች። እልክልሻለሁ አልኳት።

ሌሊቱን እማማ ዐብላ ለነርሷ ምን አሳዩ እያልኩ አደርኩ። ናዝራ ካልሄደች ስልኩም አልሄደም። ግን ተወግቷል ብለዋል። መርፌ መርፌ ነው። ደክሞኛል።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ትናንት ገባሁ፤ ዛሬ ቤታቸው ሄድኩ። ኢሳም መኪናውን ከሱቅ ወደ ቤት አምጥቶታል። የናዝራን የሠርግ ልብስ፣ የእህቶቹን፣ የጎረቤቱን፣ ያልታዘዘውንም ሁሉ ይሰፋል። ክሩ መደቡን ሞልቶታል። ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ እናቱ «ደስታው ነው» ይላሉ። ወሬው ፈጣን ነው፤ ከአንዱ ሳይጨርስ ወደ ሌላው።

«መርፌውን ተወጋህ?» አልኩት።

«ተወጋሁ። ወላሂ ጥሩ መርፌ ነው» ብሎ ሣቀ። «ወገቤ አሁን ምንም አይለኝም።»

እማማ ዐብላን አየኋቸው። ዓይናቸውን ከኔ አሸሹ። ያሳዩት ወረቀቱን ብቻ ነው፤ እኔ የፈረምኩትን። ሆስፒታሉ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ስድስት ሳምንት ሆነው። ነገ መጀመሪያ ሥራዬ መድኃኒቱን አምጥቼ መውጋት ነው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

መጋዘኑ ለቆጠራ ታሽጓል። እስከ ረቡዕ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ታሽጓል። ሆስፒታል ውሰዱት አልኳቸው በስልክ፤ እኔ እውነቱን ለሐኪሙ እነግራለሁ። እማማ ዐብላ «ነገ የልጁ ቤተሰቦች ይመጣሉ፤ ከነገ ወዲያ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ አልኩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ሸዋ በር ገበያ ላይ ባሕሩዲን የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ስለ ጨርቅ ዋጋ እየተከራከሩ ሳለ ኢሳም ያሙኛል ብሎ በያዘው ካውያ ግንባራቸውን መታቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። ስድስት ስፌት።

ጣቢያ ሄድኩ። በካቴና ጥግ ላይ ተቀምጧል። አላወቀኝም፤ ወይም አውቆኝ አላመነኝም። «አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ» አለኝ።

እኔ ነኝ ያመጣሁበት። ናዝራ ምክንያት አይደለችም፣ እናቱም አይደሉም። እናቱ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ስለ ልጃቸው ይፈራሉ። እኔ ግን መድኃኒቱን አውቃለሁ፣ ቀኑን አውቃለሁ፣ ቅጹን አውቃለሁ። በየአራት ሳምንቱ ያቺን በር እያንኳኳሁ መግባት ፈለግሁ። ሌላውን አልጽፍም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ኮማንደር ለማ ቢሮ ገብቼ ሳልቀመጥ ነገርኩት።

«ይህ ሪፈር የሐሰት ነው እያልሽኝ ነው?»

«አዎ።»

«የፈረምሽው አንቺ።»

«እኔ። አንድ ብልቃጥም ከክሊኒኩ ወስጃለሁ። አልተሰበረም።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። «ሲስተር፣ ጡረታሽ ስድስት ዓመት ነው የቀረው። ይህን ካልደገምሽው እኔም አልሰማሁም። ሰውየው እንደ ልማዱ አጠፋ ይባላል፣ ይመለሳል፣ እዚህ መርፌውን ትወጊዋለሽ።»

ደግ ሰው ነው። ለኔ ብሎ ነው። እንዲህ ያለውን ደግነት አሁን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሰው የሚታሰርበት በእሱ ነው። ለአንድ አፍታ ግን፣ እዚህ መርፌውን ትወጊዋለሽ ሲለኝ፣ ልቤ ወደዚያ ሄዷል። ይህንን ብጽፍ ይሻላል።

«ወረቀት ስጠኝ» አልኩት። ሁሉንም ጻፍኩ፦ የአእምሮ ሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የቀረበትን ቀን፣ የቀረበትን ምክንያት፣ የኔን ስም። አንዱን ለፖሊስ፣ አንዱን ለሆስፒታሉ፣ አንዱን ለይቅርታ ኮሚቴው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ለእማማ ዐብላ ራሴ ልንገራቸው ብዬ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«በናዝራ ፈረድሽባት» አሉኝ። «እናትሽ ብትኖር ይህን አታደርግም ነበር።»

በሩን ዘጉት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያ በር ፊቴ ላይ ተዘግቶ አያውቅም። ቤቴ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ማታ ናዝራ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እትዬ ዕፀ፣ አባቴ ሲታሰር አንዴ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ አንዴ ዘጠነኛ፣ አንዴ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ። እኔ የምፈልገው ሠርጌ ላይ አባቴ እንዲኖር ነው። ስለ እኔ ይህን ሁሉ ስትመክሩ እኔን የጠየቀኝ አለ?»

የለም አልኳት። አባትሽንም የጠየቀው የለም።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ፖሊስ በወረቀቱ መሠረት ሆስፒታል ወሰደው። ትክክለኛውን መርፌ ተወጋ። ሌላ ሰው ወጋው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ባሕሩዲን ክሳቸውን አነሡ። ሽማግሌ ሳይላክባቸው፣ ግንባራቸው ላይ ፋሻ እንዳለ ራሳቸው ጣቢያ መጥተው። ብሌን እዚያ የሚሠራ ዘመድ አላትና እንዲህ አሉ ብላ ነገረችኝ፦ «አባቱ የሠርጌን ሱሪ ሰፍቶልኛል። ልጁን አክማችሁ ላኩልኝ፤ ጨርቅ ወስዶብኛል፣ ገና አልሰፋውም።»

ሣቅሁ። ከሣቅሁ ስንት ጊዜዬ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ሁለት ውሳኔ በአንድ ቀን።

የኢሳም ይቅርታ አልተሰረዘም። በየወሩ ሆስፒታል ለመታከሙ ማስረጃ ያቀርባል፤ ካቋረጠ ይሰረዛል። የኔ ደግሞ፦ ከክሊኒኩ ተነሥቼ ጤና ቢሮ መጋዘን፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ገብቷል። ትክክል ነው። ኮማንደሩ ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። አንድ ነገር ለመንኩት፦ ከዛሬ ጀምሮ ታራሚ ሲፈታ ሪፈሩን ሁለት ሰው ይፈርም፣ መድኃኒቱ በእጁ ይሰጠው፣ ቀጠሮውንም ራሱ ታራሚው ያንብበው። «ብሌን ጀምራዋለች» አለኝ። ለኔ አልነገረችኝም፣ ያቺ ጉድ።

ማታ በስንብት ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ብሌን ቦርሳዬን እስከ በሩ ተሸከመችልኝ። «ሲስተር፣ ታክሲው አሁን ይቀርብዎታል» አለችኝ። ስቃ አይደለም ያለችው።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

የኢሳም ቀጠሮ ዛሬ ነበር። ናዝራ ፈተና ስላለባት አብሬው እንድሄድ ለመነችኝ። እማማ ዐብላ አልከለከሉም፤ አላናገሩኝምም፤ ደጃፋቸው ላይ ቆመው እስክንታጠፍ አዩን።

በመንገድ ብዙ አልተነጋገርንም። የጋራ ነገራችን ሁሉ የድሮ ነው። ያ አጥር፣ ያ ድንጋይ፣ አባቱ፣ እናቴ። «በ1983 የሰፋሁልሽ ጋውን ጠቦሽ ነበር፤ አልነገርሽኝም» አለኝ። አልጠበበኝም አልኩት። ጠቦኝ ነበር።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያለችው የሙሽራው አክስት ለይላ ናት። ከኋላችን ሃያ ሰው ይሆናል፤ ግማሹ ከጀጎል፣ ግማሹ የምናውቀው።

«ሕመሙ ምንድን ነው?» አለች። ደንብ ነው፤ ሁሉንም ትጠይቃለች። አፌን ከፈትኩ። ኢሳም በእጁ ተይ አለኝ።

«የአእምሮ ሕመም» አለ። የደንበኛ ልክ እንደሚናገር ሰው፣ ሳይጮህ ሳያንሾካሹክ። «መርፌ አለኝ። በየአራት ሳምንቱ። ኢሳም ዩሱፍ።»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ምንም አልሆነም። ለይላ ተነሥታ ካርዱን አወጣች፤ ወፍራም፣ ጥጋጥጉ የተበላ። ወደ እኔ ተመለከተች።

«ይሄ ካርድ ከ1988 ጀምሮ እዚህ አለ፤ እኔ ሳልቀጠር። ናዝራን ከመጠየቃችን በፊት አንብቤዋለሁ። ግራ የገባኝ የወገቡ ወረቀት የመጣ ቀን ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«እናቱ ፊቴ ቆመው? ምን ብዬ?» አለችና ካርዱን ለእሱ አቀበለችው። «ኢሳም፣ ሠርጉ ጥር መጨረሻ ነው፤ የወንዶቹ ሱሪ እንዳይዘገይ።»

ስንት ሰው ነን ያን ቃል እንዳይወጣ ስንጠብቅ የኖርነው፣ እሱን ማንም ሳይጠብቀው።

መርፌ ክፍል በር ላይ ነርሷ፣ ልጅ እግር ናት፣ «እናት፣ ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ» አለችኝ። ነርስ ነኝ ልላት ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጨርሶ ሲወጣ ቀበቶውን እያጠበቀ ነበር።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«እጇ ካንቺ ይቀላል» አለኝ፤ ፊቱ ያ የድሮው ፊት ነበር። ከዚያ ሱቁን ሊከፍት ሄደ፤ ደንበኛ ይጠብቀዋል። እኔ ትንሽ ቆየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል።